የበሩ ሽቦ

ላሊበላ ስልክ ቤት ተመድቤ ስሄድ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከወልድያ በጋሸና በኩል፣ እህል በጫነ መኪና ላይ ጆንያ ተደግፌ ነው የገባሁት። ደሴ ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ ከተማው ከመንደር አይበልጥም ነበር። ስልክ ቤቱም አንዲት ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የስልክ ማዞሪያ፣ ለደንበኛ የሚሆን አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ጎን ደግሞ ግራጫ ቀለም የተቀባ የብረት ሳጥን። ሳጥኑ ላይ ሦስት ትናንሽ መብራቶችና ሁለት የሚጫኑ ቁልፎች ነበሩበት። አንዱ መብራት በበራ ቁጥር ከውስጡ ቀጭን ደወል ይጮሃል።

የሳጥኑን ነገር ያስረዳኝ በየመንፈቁ ከደሴ የሚመጣው ቴክኒሻን ነው። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጠን ያለ፣ ሰላቱን የማያስታጉል፣ ነገር ማብዛት የማይወድ ሰው ነበር። የከተማው ስልክ ከሌላው አገር ጋር የሚገናኘው ከአሸተን ማርያም ገዳም በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ባለ የሬዲዮ ጣቢያ አማካይነት ነው። ጣቢያው የሚሠራው በባትሪ ነው። አሲድ የሞሉ፣ እስከ ጎልማሳ ጉልበት የሚደርሱ አሥራ ሁለት ባትሪዎች በመደዳ ተደርድረው አንዱ ከአንዱ ተያይዘዋል፤ በቀን ለጥቂት ሰዓት የሚሞላቸው ደግሞ አንድ የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ጣቢያው ከከተማው የሦስት ሰዓት ዳገት ስለሆነ በየቀኑ ወጥቶ የሚያያቸው የለም። ስለዚህ ከባትሪዎቹ፣ ከጄኔሬተሩና ከበሩ ሽቦ ተስቦ፣ በእንጨት ምሰሶ እየተንጠለጠለ ገደሉን ወርዶ እኔ ክፍል ይገባል።

ቴክኒሻኑ የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ በረድፍ የተደረደሩ ብሎኖች አሳየኝ። በእያንዳንዱ ብሎን ሥር አንድ ሽቦ ታስሯል።

«ይቺ የመጀመሪያዋ ከበራች ጄኔሬተሩ ቆሟል» አለኝ። «ሁለተኛዋ ከበራች ባትሪው ደክሟል። ሦስተኛዋ የጣቢያው በር ተከፍቷል። አረንጓዴውን ስትጫኚ ጄኔሬተሩ እዚያ ላይ ይነሳል፤ ቀዩን ስትጫኚ ይጠፋል። የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝገቡ ላይ ጻፊ።»

«በሩ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ባትሪ ይሰረቃል፤ ናፍጣ ይሰረቃል።» ሦስተኛዋን መብራት በካቻቪቴው ጫፍ መታ መታ አደረጋት። «ብቻ የዚች አሠራር ደስ አይለኝም። በሩ ሲከፈት ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉና ትበራለች። ሽቦው ቢበጠስስ? አትበራም። ካልበራች ደግሞ አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ሁሉ ሰላም ነው ትያለሽ። ተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።»

«ለምን አያስተካክሉትም?»

«ዕቃው የለማ፣ እህቴ» አለና ክዳኑን ዘጋው።

እዚያ ላይ ስልክ አልነበረም። ቀድሞ ነበረ አሉ፤ ወንበዴ ይጠቀምበታል ተብሎ በጸጥታ ሰዎች ትእዛዝ ተነሳ። የነበሩት አንድ ዘበኛና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው።

ዘበኛውን መጀመሪያ ያየኋቸው አንድ ቅዳሜ ለገበያ ሲወርዱ ነው። ሃምሳውን ያለፉ የላስታ ገበሬ ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ገቡና ማዞሪያውን ሳይሆን ሳጥኑን ትኩር ብለው አዩት።

«እኔ በሩን ስከፍት የምትበራው የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

«ይቺ ናት አባባ።»

«ወዲያው ትበራለች?»

«ወዲያው።»

ብዙ አሰቡ። ከዚያ ሳቅ አሉ፤ የላይኛው ጥርሳቸው አንዱ የለም። «እንግዲያውስ ጠዋት ጠዋት ከፈት አድርጌ ልዝጋልሽ። ደህና አድረናል ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ብትሰማ ደስ ይላታል። እዚያ ላይ ብንሞት የሚያውቅ የለም እያለች ታስቸግረኛለች።»

እንደ ቀልድ ነበር የተጀመረው። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የቢሮውን በር ከፍቼ ጥቂት እንደቆየሁ፣ ደወሉ ቅጭል አለና ሦስተኛዋ መብራት በርታ ጠፋች። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀረም። ቴክኒሻኑ እንዳዘዘኝ መዝገቡ ላይ «ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ» እያልኩ እጽፋለሁ። ቀጥሎ በመጡ ጊዜ ሌላም ተስማማን። ሁለት ጊዜ ከተከፈተ ናፍጣው ሊያልቅ ነው፤ ሳያቋርጥ ከተደጋገመ ግን አደጋ ነውና ሰው ላኩ።

«አንቺስ ማየትሽን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

አረንጓዴውን ቁልፍ አሳየኋቸው። እሑድ እሑድና በዓል ሲሆን፣ እሳቸው በሩን ከፍተው ሲዘጉ፣ እኔ ጄኔሬተሩን አንዴ አስነስቼ ወዲያው አጠፋዋለሁ። ባለቤታቸው ከጎጆው ወጥተው «ይኸው መለሰችልን!» ይላሉ ብለው ነግረውኛል።

ባለቤታቸው የእሳቸው ተቃራኒ ነበሩ። ትንሽ፣ ፈጣን፣ ወሬ የማይሰለቻቸው። ዘበኛው ጣቢያውን ትተው መራቅ ስለማይችሉ አብዛኛውን ቅዳሜ ገበያ የሚወርዱት ባለቤታቸው ናቸው። ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ትንሽ የባቄላ እሸት፣ ትንሽ ድንች። አግዳሚው ወንበር ላይ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠው የሚጠይቁኝ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር። አንድ ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው። ደብዳቤ ከመጣ ዓመት አልፎታል።

«አስመራን ጠይቂልኝ እስቲ፣ ልጄ» ይሉኛል።

«እማማ፣ የሚያገናኙኝ ከወልድያ ጋር ብቻ ነው።»

«ወልድያን ጠይቂና ወልድያ ደሴን ትጠይቅ፤ ደሴ ደግሞ አስመራን።»

አንድ ጊዜ ልባቸውን እንዳልሰብር ብዬ ማዞሪያውን አዙሬ ወልድያ ላለችው የሥራ ጓደኛዬ ነገርኳት። ስቃ ዘጋችው። ለእሳቸው ግን «ጠይቀናል፤ መልስ ሲመጣ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ጉልበቴን ሳሙኝ። ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር መልሱን ይጠብቁ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከዓመት በላይ ሆነ። ድርቁ አልፎ ነበር ይባላል፤ ሰው ግን ገና አላገገመም ነበር። ከሰቆጣ በኩል ወንበዴ እየገፋ ነው የሚለው ወሬ በረታ። ማታ ማታ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከገበያ ሰው ተይዞ ሄደ ሲባል የተያዘው ማን እንደሆነ እንኳ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ከዚያ በፊት ከሌላ ጣቢያ አንድ ዘበኛ ልጁ ታሞበት ለሁለት ቀን ሥራውን ጥሎ በመውረዱ «ለወንበዴ መንገድ ከፍቷል» ተብሎ እንደታሰረ፣ ከዚያም እንዳልተመለሰ ሁላችንም ሰምተናል።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት የከተማው ካድሬ ከአንድ ታጣቂ ጋር ስልክ ቤት ገባ። ወጣት ነው፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ዓይኑ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ቀልቷል። ታጣቂው በሩ ላይ ቆመ። ካድሬው ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን መዝገብ አንስቶ ቆሞ ያነብ ጀመር።

«ይህን የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጓድ።»

«ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ» ብሎ አነበበ። ገጹን ገለጠ። «ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ።» ብዙ ገጾች አንድ ላይ ገለጠ። «እዚህም እንደዚሁ ነው። ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘበኛው ናቸው።»

«ዘበኛው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ምን ሊያደርግ ይገባል?»

ባትሪ ሊያዩ ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። እሱ ስለ ባትሪ ምን ያውቃል? እኔ ግን ሁሉንም ዘረገፍኩት። አንዴ ሲሆን «ደህና አደርን» ማለት መሆኑን፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን ናፍጣ መሆኑን፣ ሲደጋገም አደጋ መሆኑን፣ እሑድ እሑድ ጄኔሬተር አስነስቼ እንደምመልስ ጭምር። እያወራሁ ሳለ ነገሩ ከአፌ ሲወጣ እንዴት ያለ ሴራ እንደሚመስል ይሰማኝ ነበር።

ካድሬው ሳያቋርጠኝ ሰማ። አልጮኸብኝም። መዝገቡን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ «በመንግሥት ናፍጣ ነው እጅ የምትነሳሱት?» አለኝ። «ዛሬ ደህና አደርን የሚል ሰው ነገ ወታደሩ በዚህ በኩል አለፈ ይላል። ማን እንደሚያይ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ጓድ።»

«ዘበኛውን አስሬ ላምጣው ወይስ አንቺ ታቆሚዋለሽ?»

«አቆመዋለሁ።»

«አሁን። እዚሁ እያየሁ።»

ከመሳቢያዬ ካቻቪቴ አወጣሁ። የሳጥኑን ክዳን ከፈትኩ። የሦስተኛዋን መብራት ሁለት ሽቦዎች አውቃቸዋለሁ፤ ቴክኒሻኑ አሳይቶኛል። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ሽቦዎቹን አወጣሁ፣ ጫፋቸውን በየራሱ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኩና ወደ ጎን አጠፍኳቸው። አንዱ ብሎን ከእጄ ወደቀ፤ ካድሬው ጎንበስ ብሎ አንስቶ ሰጠኝ።

«ጎበዝ» አለና ሲጋራውን ለኩሶ ወጣ። ታጣቂውም ተከተለው።

ስለ ዘበኛው ከዚያ በላይ ምንም አላለም። ቅዳሜ ባለቤታቸው ሲመጡ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜ ዝናብ ሆነና አልመጡም። በማግስቱም ዘነበ፤ በሳምንቱም ቅዳሜ ዶፍ ነበር። የአሸተን ቄስ አንድ ቀን ወርደው በስልክ ቤቱ በር ሲያልፉ ገብተው ሰላም አሉኝ። እንደሚወጡ አውቃለሁ፤ «እስከ ላይ አንድ ቃል ያድርሱልኝ» ማለት ብቻ ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ የቀበሌው ሰው ተራ እየጠበቀ ተቀምጧል። ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። መልሼ ዋጥሁት። ቄሱ መርቀውኝ ሄዱ።

ሌላም ነገር ነበረብኝ፤ እፍረት። ምን ብዬ ነው የምልክባቸው? «ደህና አደራችሁ ማለት ተከልክሏል» ልበል? እሳቸውስ ይህን ሲሰሙ፣ ማን ተናገረ ብለው አይጠይቁም? በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ጀርባዬን ለሳጥኑ ሰጥቼ እቀመጥ ጀመር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሰኞ ከቀትር በፊት፣ ዘበኛው ራሳቸው መጡ። ጭንቅላታቸው ተላጭቷል። ጋቢያቸው እስከ ወገባቸው በጭቃ ርሷል። ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አላስደገፉም፤ ይዘውት ገብተው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

«ምን ሆኑ፣ አባባ?»

«ሞተችብኝ» አሉ።

ተነስቼ ቆምሁ። 

«ግርሻ ነው መሰለኝ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ማክሰኞ አተኮሳት። ረቡዕ ትለፈልፍ ጀመር፤ ልጁን ትጠራለች። ሐሙስ ዝም አለች። ጥያት ልወርድ አልችልም፤ ጣቢያውንም ጥዬ ብወርድ ያ የሌላው ጣቢያ ዘበኛ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስለዚህ እንደተስማማነው አደረግሁ፤ እሑድ እሑድ መልስሽ ሲቀር ናፍጣ ልትቆጥቢ ነው ብዬ ነበር እንጂ አልተጠራጠርሁም። በሩን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። ስልክ ቤት ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ሁሉ። ክንዴ ሲዝል በሌላው ክንዴ። በመካከል እየሮጥሁ ውሃ አጠጣታለሁ። ሰው ይመጣል ብዬ ቁልቁል አያለሁ፤ ጉም ነው። አርብም እንደዚያው ዋልሁ።»

ከጠረጴዛው ዞሬ አጠገባቸው ቆምሁ።

«ቅዳሜ የመጣው ይምጣ ብዬ ጣቢያውን ትቼ ከታች ካለው መንደር አራት ሰው ለመንሁ። በቃሬዛ ይዘናት ወረድን። አሸተን ሳንደርስ አለፈች። እዚያው ቀበርናት።» አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ትናንት ተዝካር አይሉት ምን፣ ሰዎቹ አብረውኝ ቆዩ። ዛሬ ወደ ላይ ሳልመለስ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ይጠይቁኝ።»

«መብራቷ ትበራልሽ ነበር?»

ካድሬው እዚያ አልነበረም፤ ታጣቂውም የለም። በሩም ተዘግቷል። «መስመሩ ተበላሽቶ ነበር፣ አባባ» አልኩ። «ዝናቡ ነው መሰለኝ። ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖታል።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ።

«ተመስገን» አሉ። «ተመስገን አምላኬ። እያየሽ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ እኮ ነው። እዚያ ላይ በሩን ስመታ ስንት ክፉ አሰብሁብሽ! አማሁሽ፣ ልጄ። ረገምሁሽም፤ ሐሙስ ማታ ረግሜሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ተነስተው ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ይዤ ቀና አደረግኋቸው፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? አለቀስኩ። ለባለቤታቸው ያለቀስኩ መስሏቸው ጀርባዬን እየዳበሱ ያጽናኑኝ ጀመር። «እሷም ትወድሽ ነበር» አሉኝ። «ልጁ ከዘመተበት ቢመለስ ምን እንደምለው ነው የጨነቀኝ።» ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ጣቢያውን ጥለው መውረዳቸውን ለማንም እንዳልናገር አደራ አሉኝ። ያንን አደራ ጠብቄያለሁ።

ዓመቱ ተለወጠ። ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ በምትኩ የመጣው ስለ ሳጥኑም ስለ መዝገቡም አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ሽቦዎቹን መልሼ ማሰር እችል ነበር። አሰርኳቸው ማለት ግን መስመሩ ተጠገነ ማለት ነው፤ ተጠገነ ካልኩ በየጠዋቱ ሊያበሩልኝ ነው። ያንን ማየት አልቻልኩም። እንደተጠቀለሉ ተውኳቸው።

ጥቅምት ውስጥ መንገዱ ሲደርቅ ቴክኒሻኑ መጣ። እንደ ልማዱ ሰላም ብሎኝ፣ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ የሳጥኑን ክዳን ከፈተ። የተጠቀለሉትን ሽቦዎች በካቻቪቴው ጫፍ ነካ አደረጋቸው።

«ይህን የፈታው ማን ነው?»

ነገርኩት። የእኔን ሁሉ፣ የዘበኛውን ባለቤት ሞትም። ለእሱ መናገር ቀለለኝ፤ ምክንያቱን አላውቅም። ቆሞ ሰማኝ፤ ካቻቪቴው በእጁ ነበር።

«ሰውዬው ያውቃሉ?» አለኝ።

«መስመሩ ተበላሽቷል ብያቸዋለሁ።»

«እኔ ነገ ባትሪዎቹን ለማየት ወደ ላይ እወጣለሁ። መስመሩ ምን ሆኖ ነበር ብለው ይጠይቁኛል።»

«አዎ።»

«ወላሂ አልዋሽም፤ እህቴ። የተበላሸ መስመር የለም። ራሴ የሳብኩት መስመር ነው።»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ በማግስቱ እሑድ ደንበኛ ስለሌለ ቢሮውን መዝጋት እችላለሁ። «አብሬዎት ልውጣ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሁለቱን ሽቦዎች ፕላስተራቸውን ልጦ መልሶ አሰራቸው።

ከዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት የማየው ነገር ያለበትን ቦታ በእግሬ ስረግጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። በጠዋት ተነስተን ምሰሶዎቹን ተከትለን ወጣን። አሸተን ስንደርስ ከቅጥሩ ውጪ አዲስ ድንጋይ የተከመረበት መቃብር አየሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ቴክኒሻኑ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። እኔም ጥቂት ቆምሁ፤ ከዚያ ጉዟችንን ቀጠልን። ከዚያ በላይ ዛፍ የለም። ጓሳና ጅብራ ብቻ ነው፤ ነፋሱም ጆሮ ይቆርጣል።

ጣቢያው ካሰብሁት አነስ ያለ ነበር። በድንጋይ የተሠራ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ክፍል፣ አጠገቡ የብረት ማማ፣ ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ጎጆ። ዘበኛው ከጎጆው ወጥተው ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው አዩን። እኔ መሆኔን ሲያውቁ ፊታቸው በራ።

«አንቺም መጣሽ! ይህን ሁሉ ዳገት!»

ቴክኒሻኑ ሰላም ብሏቸው፣ እኔን አንዴ ገልመጥ አድርጎኝ፣ የጣቢያውን በር ከፍቶ ገባ። የባትሪዎቹን ክዳን አንድ በአንድ ሲከፍት ይሰማኝ ነበር። ዘበኛው ድንጋይ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡኝ። ገብተው የገብስ ቂጣ በሰፌድ ይዘው መጡ፤ ራሳቸው የጋገሩት ነው፣ ዳሩ አርሯል።

«ብዪ፣ ልጄ፣ ደክሞሻል።»

ቂጣውን አልነካሁትም። «አባባ፣ መስመሩ አልተበላሸም ነበር» አልኩ።

ሰፌዱን እንደያዙ ቆሙ።

«ሽቦውን የፈታሁት እኔ ነኝ። በሐምሌ።»

«አንቺ?»

«አዎ።»

ሰፌዱን መሬት ላይ አኖሩት። ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። «ሰው አዞሽ ነው እንጂ እንዲያው አትፈቺውም» አሉ። እንዳግዛቸው የሚለምኑኝ ይመስል ነበር።

«ካድሬው አዞኝ ነው። መዝገቡን አይቶ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እርስዎን አስራለሁ ሲለኝ ፈታሁት።»

«እንግዲያ ለእኔው ብለሽ ነው» አሉ በፍጥነት። «ለእኔው ብለሽ ነዋ!»

እዚያ ላይ «አዎ» ብያቸው ቢሆን ኖሮ የሚያልፉልኝ ይመስለኛል። እኔ ግን አላልኩም፤ እሳቸውም ስፈራው የነበረውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ፈትቼዋለሁ ብለሽ ቃል እንዳትልኪብኝስ ማን ከለከለሽ?»

«ማንም» አልኩ።

«ካድሬው?»

«እሱ ስለዚያ ምንም አላለኝም።»

«ባውቅ ኖሮ በሩ ላይ ሁለት ቀን አልቆምም ነበር» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ነገሩን ለራሳቸው የሚያሰሉ ይመስል ነበር። «ሐሙስ ጠዋት ሰው ልጠራ እወርድ ነበር። ሐሙስ ዕለት ገና ውሃ ትውጥ ነበር።»

ከጣቢያው ውስጥ ቴክኒሻኑ የባትሪ ውሃ ሲጨምር ይሰማል። ዘበኛው ተነሱ። ልመናዬን ከመጀመሬ በፊት እጃቸውን አንስተው ከለከሉኝ።

«ያን ቀን ይቅር በይኝ ብየሽ ነበር» አሉ። «አንቺም ይቅር ብለሽኝ ነበር።»

 ወደ ጎጆው ገብተው በጣሳ ውሃ አምጥተው ሰጡኝ። «ጠጪና ጉሙ ሳይወርድ ውረጂ» አሉኝ። ጠጣሁ። ጣሳውን ሲቀበሉኝ ፊቴን አላዩም። ከዚያ ለቴክኒሻኑ መሰላል ሊይዙለት ወደ ማማው ሄዱ፤ ሁለቱ ስለ ጄኔሬተሩ ቀበቶ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ እንደማንኛውም ቀን።

ስንወርድ ቴክኒሻኑ ፊት ፊት እየሄደ አሸተን ደረስን። እዚያ ለሰላት ቆመ፤ እኔ ራቅ ብዬ ጠበቅሁት። ሲጨርስ ጫማውን እያጠለቀ፣ «ወደ ደሴ እንዲያዛውሩሽ ልጻፍልሽ?» አለኝ።

«አይጻፉ» አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት መቆየት ቅጣት መስሎኝ ይሆናል። ሁለት ዓመት ያህል ቆየሁ። በሩ የሚከፈተው ናፍጣ ሲገባና ቴክኒሻኑ ሲመጣ ብቻ ሆነ። ዘበኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ከታችኛው መንደር ሰው ይልካሉ እንጂ ስልክ ቤት ዳግም አልረገጡም። አንድ ጊዜ ገበያ መሐል ከሩቅ አየኋቸው፤ ጨው ይሸምቱ ነበር። እሳቸውም ያዩኝ ይመስለኛል። ወደ ሌላው መደብ ዞሩ።

ከዚያ ወንበዴ የተባሉት ከተማውን ያዙ፤ ወታደሩ መልሶ ያዘ፤ እነሱም መልሰው ያዙ። በዚያ ሁሉ መሐል ባትሪዎቹን ማን እንደወሰዳቸው አይታወቅም፤ ጣቢያው ተዘጋ። እኔን ወደ ደሴ መለሱኝ። እዚያው ሠርቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ ወጣሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ከደላንታ፣ ከወገል ጤና ከተማ የመጣ ምስር ነጋዴ ሰፈራችን ዕቃ ሲያራግፍ ወሬ ጀመርን። የቤቱን ጎረቤቶች ሲቆጥርልኝ ከላስታ የመጡ፣ የተራራ ዘበኛ የነበሩ፣ እዚያው ደላንታ ያገባች እህታቸው ዘንድ የተጠጉ ሽማግሌ አሉ አለኝ። የጎደለ ጥርስ እንዳላቸው ጠየቅሁት። ሽማግሌ ሁሉ ጥርሱ ይጎድላል ብሎ ሳቀብኝ።

ሄጄ ማረጋገጥ እችል ነበር። የወገል ጤና መኪና በየጠዋቱ ከደሴ ይነሳል፤ ከቤቴ መናኸሪያው በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ልጆቼም ቢጠይቁኝ ዘመድ ልጠይቅ ነው እላለሁ። አልሄድኩም። ያኔ ነጋዴው በማግስቱ ይመለስ ስለነበር ሰላምታ እንኳ ልልክ እችል ነበር፤ ስሜን ጠይቆኝ፣ «ማን ሰላም አለዎት ልበላቸው?» ብሎኝም ነበር። ተወው አልኩት።